ጣይባና አርባ ሁለቱ ችካሎች

እህቴ ጣይባ በዕድሜዋ ስንት ሴት እንዳጠበች እኔ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። የቅሬያችን የሴት ጀናዛ፣ የሴት ሬሳ ማለቴ ነው፣ አጣቢ ነበረች። ቅሬ እኛ ወሎዎች ሞት ሲመጣ የምንረዳዳበት ማኅበር ነው፤ ሌላው ሰው እድር ይለዋል። ወንድ ሲሞት ወንዶቹ ያጥባሉ፣ ሴት ስትሞት ጣይባ ትጠራለች። እኔ ታናሿ ሐዋ ደግሞ ውሃ አፍሳሿ ነበርኩ። ሃያ ዓመት እንዲሁ አብረን ሠርተናል።

ዛሬ ሰዉ ስሟን ሲያነሳ «ሩህሩህ ነበረች፣ ጀነት ይስጣት» ይላል። አሚን፣ ይስጣት። ግን ሩህሩህ ነበረች የሚለኝን ሰው አፉን ብይዘው ደስ ይለኛል። እህቴ ቂመኛ ነበረች! እኔም ቂመኛ ነኝ፤ ከአንድ ማህፀን ነው የወጣነው። ልዩነታችን እሷ ቂሟን አብስላ ትበላለች፣ እኔ በጥሬው እበላለሁ። ይህንንም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ባሏ ሀምዱ ጢሰኛ ነበር። አባቱም ጢሰኛ፣ አያቱም ጢሰኛ። በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ሜዳ አጠገብ፣ ጨፌ በምንለው ሰፈራችን ሥር፣ ሁለት ጥማድ ደረሰው። ኧረ ያን ቀን ባያችሁት! እርሻው መሃል ቁጭ ብሎ አፈሩን እያፈሰ ሽቅብ ይበትናል፣ ጣይባ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ውስጥ ይገባል!» እያለች ትቆጣለች። ከዚያ ወዲያ ከሱብሒ ሶላት ሲነሳ መጀመሪያ ሄዶ የሚያየው ያንን መሬት ነበር። «ጣውንት አመጣብኝ» ትለን ነበር ጣይባ፣ እየሳቀች።

ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልበላበትም። በ1970 ኅዳር ላይ መለኪያ የያዙ ሰዎች ከደሴ ወርደው መጡ። ሜዳው አጭር ነው፣ ትልልቅ አውሮፕላን ሊያርፍበት ስለሆነ ይረዝማል ተባለ። ሀገር ጦርነት ላይ ነው፤ ማን ደፍሮ አይረዝምም ይላል? መጀመሪያ ችካሉን የተከሉት በግራሩ ጎን ነው። አርባ ሁለት ችካል፣ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ። ያ ጎን ጠጠርና ግራር ነው፣ ቤት የለበትም። ያለው የአንድ ሰው የማሽላ እርሻ ብቻ ነው። የሰውየው ስም በሺር ይባላል፤ በሺር ደግሞ የገበሬ ማህበራችን ሊቀመንበር ነው።

ለኪዎቹ ሦስት ቀን በሺር ቤት ሰነበቱ። ሙክት ታረደላቸው፣ ማር ቀረበላቸው፣ ጫቱም በሽበሽ ነበር። በአራተኛው ቀን ያ ችካል ሁሉ ተነቅሎ በሜዳው ሌላ ጫፍ፣ በእኛ በጨፌ ላይ ተተከለ። አርባ አንድ አባወራ ያለበት ላይ! አንዱ ችካል ከሀምዱ እርሻ መሃል ቆመ። በሺር ጠመንጃውን እንዳነገተ ሰዉን ሰብስቦ አወጀ፤ «ችካል የነካ አብዮቱን እንደነካ ይቆጠራል። የሚፈርዱት ደሴ ናቸው። አልሰማሁም እንዳትሉ!» ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? እኛን ሞኝ አደረገን።

በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ መሰብሰብ የለም። ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ከታየ «ምን ትዶልታላችሁ?» ነው። ያልተከለከለው ለቅሶ ብቻ ነበር፤ ሞት ፈቃድ አይጠይቅማ። «በለቅሶ እንሰብሰብ» ያለችው ጣይባ ናት። ችግሩ የሞተ ሰው የለም። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሙሄዲን «ያልሞተን ሰው ሞተ ብዬ አላስለፍፍም፣ ውሸት ነው» ብለው ድርቅ አሉ። ይህንን አባ ደጉ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ከተኙበት አልጋ ላይ ሰሙና ሳቁ።

«ሞተ አትበሉ» አሉ። «ደጉ እያጣጣረ ነው በሉ። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ማጣጣር ከጀመርኩ አስር ዓመቴ ነው።»

እንዲያ ሆነና አርባ አንዱም አባወራ አባ ደጉን ሊሰናበት ግር ብሎ መጣ። በሺርም ወሬው ደርሶት «አላህ ያቅልላቸው» ብሎ አለፈ። ቤት ውስጥ ግን ሀምዱ ኮምቦልቻ ፒያሳ ካለ ማመልከቻ ጸሐፊ ያስጻፈው ወረቀት ወጣ። ችካሉ መጀመሪያ ሰው በሌለበት በግራሩ ጎን ነበር፣ ጉድጓዱ እስከ ዛሬ አልተደፈነም፣ መጥታችሁ እዩልን ይላል። ቀለሙን አዙረው ጣት ማስነካት ሲጀምሩ አባ ደጉ «ሟች ይቅደም!» ብለው መጀመሪያ ፈረሙ። የአባወራውም፣ የባልቴቱም ጣት አረፈበት። ሰው ጥርሱን ነክሶ እየሳቀ ነበር፤ ከችካሉ ወዲህ እንደዚያ ስንሆን ያን ቀን የመጀመሪያችን ነበር።

ወረቀቱን ደሴ የሚያደርሰው ሀምዱ ነው ተባለ። እሺ፣ ተነስቶ ይሂዳ! የለም። ሀምዱ ሆዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰውን በሌለበት መክሰስ ሐሜት ነው። ሐሜት ደግሞ የሞተ ወንድምን ሥጋ መብላት ነው። መጀመሪያ ለበሺር ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።»

ጣይባ ጮኸችበት። እኔም «አንተ ሐሜት ስትፈራ እሱ በቁምህ ይበላሃል!» አልኩት። «ወላሂ ሳልነግረው አልሄድም» አለ። ሀምዱ ከማለ ደግሞ አበቃ። እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ሄደና «በሺር፣ በችካሉ ነገር ከሰንሃል። ነገ ደሴ እወጣለሁ። መልስ ካለህ አብረን እንሂድና ተናገር» አለው። በሺር እጁን ጨብጦ «አበጀህ፣ ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ እስከ ደጅ ሸኘው። ሸኘውና በዚያው ቀን በጭነት መኪና ተሳፍሮ ደሴ ወጣ።

በማግስቱ ሰኞ ነው፣ የደሴ ገበያ። እኔ ሎሚ ይዤ አውቶቡሱ ውስጥ ከሀምዱ ኋላ ተቀምጫለሁ። ደሴ መግቢያ ኬላው ላይ አስቆሙንና አንዱ ወታደር ከብጣሽ ወረቀት ላይ ስሙን ጠራ። ሀምዱ «አቤት» ብሎ ተነሳ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። ከደረቱ ያንን ማመልከቻ አወጡት። «ፀረ አብዮት!» አሉት፣ በሰደፍ መቱት፣ እየጎተቱ አወረዱት። ዘወር ብሎ «ሐዋ፣ ለጣይባ አብሽሪ፣ አይዞሽ በያት» አለኝ። እኔ ደግሞ ሎሚዬን አቅፌ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያ ዝምታዬ ያንገበግበኛል።

ጣይባ ሐሙስ ሐሙስ ስንቅ ይዛ ደሴ ትወጣ ጀመር። እስር ቤቱ በር ላይ አገልግሉን ይቀበሏታል፣ ማታ ባዶውን ይመልሱላታል። ባዶ ከተመለሰ ሰውየው በልቷል፣ አለ ማለት ነው። አምስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ። በስድስተኛው ዘበኛው አገልግሉን ሳይነካ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት።

«ተዛወረ?»

«አታምጪ አልኩሽ፣ ሴትዮ!»

«እሺ፣ አስከሬኑን ስጡኝ። እኔው አጥበዋለሁ።»

«የምን አስከሬን?» ብሎ በሩን ዘጋባት።

ያንን ሁሉ የሰው ወገን ያጠበች ሴት የገዛ ባሏን ፊት ውሃ ሳታስነካ ቀረች። የት እንደጣሉት እንኳ አናውቅም። ያን ቀን አገልግሏን እንደ ሞላ ታቅፋ በአውቶቡስ ወረደች። ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ቀጥ ብላ በሺር ደጅ ሄደች። አገልግሉን ከፍታ ከደጃፉ ላይ አስቀመጠችና «ብላ» አለችው። «የሀምዱ ነው። የጀመርከውን ጨርስ።» ከዚያ እየተራመደች ቤቷ ገባች።

በጁምዓው ሸህ ሙሄዲን ከሶላት በኋላ ተነሱ። «በሺር ከቅሬያችን ወጥቷል። ሰላም ያለው፣ እሳት የሰጠው፣ ለቅሶው ላይ የቆመ እሱም ወጥቷል» አሉ። ፖለቲካ አይደለም፣ ስብሰባም አይደለም፣ ማን ይከለክላል? በሺር ሲነገረው ሳቀ። «ደሴ ከኔ ጋር ነው፤ እናንተ ምን ታመጣላችሁ?» አለ። ቤቱ ሰው የማይሞትበት መስሎት!

ሚያዝያ ላይ እናቱ መርየም ሞተች። ጠዋት ነው የሞተችው፤ የኮምቦልቻን የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሬሳ አያሳድርም። መርየም ደግ ሴት ነበረች፤ ጥፋቷ እሱን መውለዷ ነው። ሚስቱ ረሂማ ብቻዋን ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አንድ ሰው ንቅንቅ አላለም። ቃሬዛው የቅሬው፣ ቆፋሪው የቅሬው፣ አጣቢዋ ደግሞ ጣይባ። በሺር ጠመንጃውን ጥሎ ጣይባ ደጅ መጣ። ያለ ጠመንጃ ሳየው ምን ያህል አጭር እንደሆነ ገረመኝ።

«እታለም፣ እናቴ ሞተችብኝ» አለ። እታለም! እስከዚያ ቀን «አንቺ ሴትዮ» ነበር የሚላት።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ጣይባ።

«ነይና እጠቢልኝ።»

«የኔን ሰው ማን አጠበው?»

የረሂማ ጩኸት ከወዲያ ይሰማል።

«ንገረኝ እንጂ በሺር። ማን አጠበው? የት ተኛ?»

«አላውቅም። ወላሂ አላውቅም። ይታሰር አልኩ እንጂ ይሙት አላልኩም።»

እኔ «ሂድ፣ እናትህን ጅብ ያጥባት!» ልል አፌን ስከፍት ጣይባ በመዳፏ አፌን ዘጋችው።

«እናትህን አጥባለሁ» አለችው። «ሳትታጠብ ብትቀበር አላህ እኔን ይጠይቀኛል። ግን ውሃው እስኪሞቅ አንድ ሥራ አለብህ። ያንን ችካል ነቅለህ መጀመሪያ ወደነበረበት ትመልሳለህ። አርባ ሁለቱንም፣ በገዛ እጅህ።»

«ይገድሉኛል ጣይባ! አዋጁን ያወጅኩት እኔው ነኝ።»

«ማን ይነግራቸዋል? ቅሬው ይምልልሃል። ችካሉ ሲጀመርም እዚያ ነበር። ፀሐዩ ግን ከርሯል፤ መርየም አትጠብቅህም።»

ሸህ ሙሄዲን መጥተው «ጣይባ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል» ብለው ገሰጿት። «ሸሁ፣ እኔ መች ጸለይኩ?» አለቻቸው።

በሺር ነቀለ። ጨፌ በሙሉ ዳር ዳሩን ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ የሚሰድበውም የሚያግዘውም የለም። አምስት አምስት እየተሸከመ የሜዳውን ርዝመት ያቋርጣል፣ በገዛ እርሻው ላይ በድንጋይ እየቀጠቀጠ ይተክላል፣ ይመለሳል። መዳፉ ተልጦ ደማ። ሀምዱ እርሻ ላይ ያለው ችካል ጋ ሲደርስ ጣይባ ከቤት ወጣችና ፊቱ ቆመች። «ይሄንን ከሌላው ጋር አትደርበው፣ ለብቻው ተሸከመው» አለችው። እሺ ብሎ ለብቻው ተሸከመው። እኔ አልዋሽም፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አርባ ሁለተኛው ሲተከል ዙህር አልፏል። ያኔ «ነይ፣ ማሰሮውን አንሺ» አለችኝ። መርየምን በቁርቁራ ቅጠል ውሃ እንዴት እንዳጠበቻት! ጣት በጣት፣ ፀጉሯን እየፈታታች፣ ከፈኑን እያስተካከለች። በሃያ ዓመት ሰውን እንደዚያ ስታጥብ አይቻት አላውቅም። እኔ ውሃ እያፈሰስኩ በንዴት አለቅስ ነበር። ከአስር ሶላት በፊት ቅሬው ወጣ፣ መርየም በወግ ተቀበረች። ከመቃብሩ ስንመለስ ሸህ ሙሄዲን ወንዱንም ሴቱንም አስማሉ፤ ችካሉን ማን እንደነካ አንድም ሰው አይናገርም። እኔም ማልኩ። አፌ ማለ፤ ሆዴ ግን አልማለም።

ከዚያ በኋላ በሺር ድምፁ ጠፋ። ቅሬው ለመርየም ሲል ቀበረ እንጂ እሱን አልመለሰውም። ለኪዎቹም ቀሩ፤ ገንዘቡ ሁሉ ለጦርነት ዋለ ተባለና ሜዳው ሳይረዝም ቀረ። የሀምዱ ሁለት ጥማድ ለጣይባ ተረፈላት። በሺር ወደ ውሃ ሲሄድ መንገዱ በጣይባ ደጅ ነው። በየጠዋቱ እሷ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ አንገቱን ሰብሮ «እንዴት አደርሽ» ይላል፣ እሷ አትመልስለትም። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ይህንን እያየሁ በገንኩ። እሱ በእግሩ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሚስቱ አርግዛለታለች፤ ሀምዱ የት ጉድጓድ እንዳለ አይታወቅም። ይሄ ምን በቀል ነው? እህቴ ደክሟታል ብዬ አሰብኩ።

ሦስት ወር ቻልኩ። አንድ ሰኞ ደሴ ገበያ ላይ የአንድ ካድሬ ሚስት፣ ደንበኛዬ ናት፣ ሎሚ ስትመርጥ «የኮምቦልቻውን ችካል ሊቀመንበሩ ራሱ ነቅሎ እንዳዛወረው ባልሽ ሰምቷል?» አልኳት። ይህችን ብቻ ነው ያልኩት። በሦስተኛው ቀን ላንድሮቨር መጥታ በሺርን ይዛው ሄደች። ሲጭኑት ወደ ጣይባ ደጅ ዞሮ ሲያይ አይቻለሁ፤ እሷ የነገረችበት መስሎት ነው። ረሂማ ሆዷን ይዛ ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። በሰባተኛው ሳምንት ሙሉ አገልግል ይዛ ተመለሰች።

ሮጬ ጣይባ ዘንድ ገባሁ። ዱቄት ትነፋለች። «አልሰማሽም?» አልኳት፣ «የሀምዱ ደም ተመለሰ!»

ወንፊቱን አስቀመጠችና አየችኝ። «ማነው የተናገረው?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ኖሯል?» አልኩ። አበጀሽ ትለኛለች፣ ትስመኛለች ብዬ ነበር።

«ማን ለምኖሽ?» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «በየጠዋቱ በደጄ ሲያልፍ አላየሽውም? እንደዚያ ሲያልፍ እንዲያረጅ ነበር የፈለግሁት። አርባ ዓመት። አውፍ በይኝ፣ ማሪኝ ብሎ እስኪለምነኝ፣ እኔም እምቢ እስክለው። አንቺ በሦስት ወር ገላገልሽው!»

«እታለም...»

«ዝም በይ! እሱን ገላገልሽው፣ ረሂማን ደግሞ እኔን አደረግሻት። የምታጥበው እንኳ የላት። እሷ ምን አደረገችሽ?»

ጉፍታዋን ራሷ ላይ አስተካክላ ተነሳች። «ለሸህ ሙሄዲን አልናገርብሽም፤ እህቴ ነሽ። ግን ስሞት እጅሽ እንዳይነካኝ» አለችኝና ረሂማ ቤት ለቅሶ ልትቀመጥ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አስራ ሦስት ዓመት ኖረች። ሰላምታ አልነፈገችኝም፣ ቤቴም ትመጣለች፣ በዒድ አብረን በላን፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳንም። ቀስ እያለች ትረሳዋለች ብዬ ነበር። ደርግ በወደቀበት ዓመት ታመመች። ሦስት ቀን አስታመምኳት፣ በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ሲቆራረጥ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ አውፍ ብዬሻለሁ ትለኛለች ብዬ። «ረሂማን ጥሪልኝ» አለች። ጠራኋት። ረሂማ አጠበቻት፣ እኔ ደጅ ቆምኩ።

ተጸጽተሻል ወይ ብትሉኝ፣ በሺር ዛሬ ከሞት ቢነሳ ዛሬውኑ ደግሜ እጠቁመዋለሁ። እህቴን ግን እኔ ነበርኩ ማጠብ የነበረብኝ።